ፊፋሜን ትን ያላት ጊዜ

ከፖርቶ ኖቮ ወደ ናይጄሪያ ድንበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከልብስ ስፌት ቤቴ ፊት ለፊት፣ ፊፋሜ ቤንዚን ትሸጥ ነበር። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የሊትርና የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ይደረደራሉ፤ ከሥሩ ሆዳቸው ያበጠ ትልልቅ የመስታወት ጠርሙሶች ተቀምጠዋል፤ ከኋላዋ ደግሞ በጀልባና በሞተር ከድንበር ማዶ የሚመጣው ቤንዚን የሚጠራቀምበት በርሜል አለ። እኛ ጋ ማደያ የሚሄደው ገንዘብ የተረፈው ሰው ነው። ሌላው ሁሉ እንደ ፊፋሜ ካሉት ይገዛል።

እናቷ የሞተችው ገና ጡት ሳትጥል ነው። ያሳደገቻት አክስቷ ኮሲባ ናት፤ አካሳ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቀቅላ በቅጠል እየጠቀለለች የምትሸጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራት ሴት። ፊፋሜ ሰውነቷ ደቃቃ ሆኖ ድምጿ ግን የትልቅ ሰው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሞተር ሲያልፍ «የጠማው ሞተር እዚህ ይምጣ!» ብላ ስትጣራ እኔ እንኳ መርፌዬን እስታለሁ። ስትስቅ ደግሞ ደህና አድርጋ ነው፤ የተቀመጠችበትን ወንበር በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ወደኋላ ጥላ፣ እንባዋ እስኪፈስ።

ከበርሜሉ ወደ ጠርሙስ የምትቀዳው በአፏ ነበር። የቀጭኑን ጎማ አንድ ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ትከታለች፣ ሌላውን አፏ ውስጥ አድርጋ ሳብ ታደርጋለች፤ ቤንዚኑ ሲመጣ ጎማውን ወደ ጠርሙሱ መልሳ አፏ የገባውን ትፍ ትላለች። ከዚያ በውሃ ተጉመጥምጣ ዝንጅብል ታኝካለች፤ አለቀ። በመንገዱ ዳርና ዳር ያሉት ሻጮች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አፍ የሚያቃጥል፣ ምግብ የሚያስጠላ ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ የባሰ ነገር ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ግን አልነበረም።

አጎሱ ሞተረኛ ነው፤ ሰው እያፈናጠጠ የሚያደርስ። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ክርኑን ይነካል። በእኛ ቋንቋ አጎሱ የሚባለው በእግሩ የተወለደ ልጅ ነው። ስሙን የጠየቀው ሁሉ ደግሞ ይህን ይሰማል፦ «እናቴ ሆድ ውስጥ ሆኜ የሞተር ድምፅ ሰማሁና እግሬን አስቀደምኩ።» ሰው በቀን አንዴ ሞተሩን ሞልቶ ሲሄድ፣ እሱ ግማሽ ግማሽ ሊትር እየገዛ ጠዋትም ቀትርም ማታም ይመጣል። ኮሲባ ይህን ካየች ቆይታለች።

«የዚህ ልጅ ሞተር ቤንዚን ይጠጣል ወይስ ያፈሳል?» ትለኛለች፣ እሱ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«ይጠጣል አክስቴ» ይላል አጎሱ። «ግን እንደ ሕፃን ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካልሰጡት ያለቅሳል።»

ፊፋሜ ፊቷን ወደ በርሜሉ አዙራ ትስቃለች። አክስቷ መሳቋን ትከሻዋን አይታ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። መንገዱ ሁሉ ያውቃል። እነሱ ብቻ ማንም ያላወቀባቸው ይመስላቸዋል።

ያን ቀን ጠዋት አጎሱ ሲመጣ ፊፋሜ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ጎማውን አፏ ውስጥ አድርጋ ነበር። እኔ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ነው። አጎሱ ከሞተሩ ሳይወርድ ጀመረ።

«ስሚማ፣ ዛሬ ምን እንደገጠመኝ ታውቂያለሽ?»

አፏ ስለተያዘ በቅንድቧ ቀጥል አለችው።

«አንዲት ወፈር ያሉ ሴትዮ ከገበያ አድርሰኝ አሉኝ። በግ ገዝተዋል። በግ አልኩሽ እንጂ ከእኔ ይከብዳል። ብርድ እንዳይመታው ብለው ራሱ ላይ ሻሽ አሰሩለት፣ በጨርቅ ጠቀለሉትና መሃላችን አስቀመጡት። ትንሽ እንደሄድን ፖሊስ አስቆመን። ‹ሦስት ሆኖ መሄድ ክልክል መሆኑን አታውቅም?› አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሴትዮዋ ‹እናቴ ናቸው ልጄ፣ አሟቸው ሐኪም ቤት እየወሰድኳቸው ነው› አሉት። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየና ‹እናትሽ ጺም አላቸው እንዴ?› አለ። እኔ ደግሞ ‹ዕድሜ ነው ጌታዬ› አልኩት።»

ቤንዚኑ በጎማው ውስጥ እየመጣ ነበር። ፊፋሜ ሳቀች። ስትስቅ እንደማንኛውም ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳበች፤ ከአየሩ ጋር አፏ ውስጥ የደረሰው ቤንዚን አብሮ ገባ። ትን አላት።

መጀመሪያ ሁላችንም ተራ ትንታ መስሎን ነበር። አጎሱም «አይዞሽ፣ በጉ ደህና ነው» ብሎ ጨዋታውን ሊቀጥል ሲል ፊቷን አየ። ዓይኖቿ ፈጠዋል፣ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ሳሉ አያቋርጥም፣ በሳልና በሳል መካከል ትንፋሽ አይገባም። ጎማው መሬት ወድቆ ቤንዚኑ አሸዋው ላይ ይፈሳል። አጎሱ ሞተሩን ጥሎ ዘለለ። እኔም መቀሴን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻገርኩ።

ኮሲባ እየሮጠች መጣች፣ በእጇ የቀይ ዘይት ጠርሙስ ይዛ። እኛ ጋ መርዝ የጠጣ፣ ቤንዚን የዋጠ፣ ምን እንደነካው ያልታወቀ ሰው ሁሉ የሚሰጠው የዘንባባ ዘይት ነው። እናቶቻችን ያደረጉት፣ እኛም ስናደርገው የኖርነው ነው።

«ያዟት! አፏን ክፈቱ! ይውጣላት!»

«አክስቴ፣ መተንፈስ እኮ አልቻለችም» አለ አጎሱ።

«አንተ ዞር በል! የዋጠችው ካልወጣ ነው የማትተነፍሰው!»

አፈሰሰችላት። ፊፋሜ ዋጠች፣ ወዲያው አስመለሳት፣ ሲያስመልሳት እንደገና ትን አላት። ከዚያ በኋላ ሳሉ ጋብ አለና ሁላችንም ተነፈስን። አክስቷ ፊቷን በጨርቅ ጠርጋ፣ ቤት አስገብታ አስተኛቻት። «ወጣ፣ ተገላገለች» አለችን።

አልተገላገለችም። ፀሐይ ሳትበረታ ትኩሳት ያዛት። ስትተነፍስ አፍንጫዋ ይከፈታል፣ የጎድን አጥንቷ መሃል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ጠሩኝና ሄጄ ሳያት ዓይኗን ገልጣ አወቀችኝ፣ ግን ያ ድምፅ የለም። አጎሱ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

«ሐኪም ቤት ልውሰዳት» አለ።

«ልጄን በሞተር?» አለች ኮሲባ።

«መኪና እስኪመጣ አንጠብቅም አክስቴ። እርስዎ ከኋላ ይያዟት፣ መሃላችን ትሁን።»

ኮሲባ በሕይወቷ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ፊፋሜን በጨርቅ ጠቅልለን መሃል አስቀመጥናት፤ ጭንቅላቷ አጎሱ ጀርባ ላይ ተደገፈ። ኋላ ኮሲባ እንደነገረችኝ፣ አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ፖሊስ ፊሽካውን ነፋ። አጎሱ ቆመና አንድ ቃል መናገር አቃተው፤ ያ አፉ የማይዘጋው ልጅ። ፖሊሱ ቀረብ ብሎ የፊፋሜን ፊት አየ፣ ምንም አልጠየቀም። መሃል መንገድ ገብቶ መኪኖቹን በሙሉ አቆመላቸው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ገና ስትጠጋት «ቤንዚን ነው አይደል? ትንፋሿ ይሸታል» አለች። ኦክስጅን አደረጉላት፣ ደረቷን ራጅ አነሷት፣ ቀና አድርገው በትራስ ደገፏት። ከዚያ ሐኪሟ ሁለቱን ወደ ውጭ ጠራቻቸው።

«ከዋጠችው በኋላ ምን ሰጣችኋት?»

«ዘይት» አለች ኮሲባ።

«አስመለሳት?»

«አዎ፣ ወጣላት።»

ሐኪሟ ወደ ኮሲባ ዞረች። «እናቴ፣ ሆድ የገባ ቤንዚን እንደሚፈሩት ብዙ አይደለም። የሚፈራው ሳንባ ውስጥ የገባው ነው። ሳንባችን እንዳይጣበቅ የሚያለሰልሰው ስስ ቅባት ውስጡ አለ። ቤንዚን ያንን ያጥበዋል፣ ከዚያ ሳንባው ይቆስላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ሰውየው ሲያስመልሰው ደግሞ ቤንዚኑ ተመልሶ ጉሮሮ ላይ ይመጣል፣ እንደገና መንገዱን ሊስት ይችላል። ወደፊት እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥም ዘይትም ወተትም አትስጡ፣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ዝም ብላችሁ ወደዚህ አምጡት።»

«መድኃኒት የለውም?» አለ አጎሱ።

«ቤንዚኑን የሚያወጣ መድኃኒት የለም። አየር እንሰጣታለን፣ ትኩሳቷን እንከታተላለን፣ ሳንባዋ ራሱን እስኪጠግን እንጠብቃለን። እነዚህ ቀናት ከባድ ናቸው። ልጅ ናት፣ ጠንካራ ናት።»

ኮሲባ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ብዙ ሰዎች ስትቆጣ አይተዋታል፤ ስታለቅስ ያያት አጎሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሾርባ ይዤ ስሄድ ሁለቱ በአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ፊፋሜ የኦክስጅኑ ጭምብል ፊቷን ሸፍኖት፣ ዓይኗ ክድን ብሎ ተኝታለች። አጠገቧ ያሉ አሮጊት ታማሚ ለነርሷ ስሞታ ይነግራሉ፦ «ይህቺ ልጅ ስትተነፍስ ጋራዥ የተኛሁ ይመስለኛል፤ አልጋ ቀይሩልኝ።» እኔ ስገባ ኮሲባና አጎሱ በሹክሹክታ እየተጨቃጨቁ ነበር።

«እኔ ነኝ» ይላል አጎሱ። «ጎማው አፏ ውስጥ መሆኑን እያየሁ ነው የቀለድኩት። የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«ዝም በል፣ አልሞተችም። ደግሞስ አንተ ያደረግከው ማሳቅ ነው፤ ማሳቅ ሰው ይገድላል? አፏን ከፍቼ ዘይት ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ ሊያድኗት ነው።»

«ሐኪሟ ያለችውን አልሰማህም? ድጋሚ ትን ያላት በእኔ ነው።»

«መጀመሪያ ባላስቃት ድጋሚ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል አክስቴ?»

«አንተ ልጅ፣ ጥፋቱን እንኳ ልትቀማኝ ነው?»

ከአልጋው ላይ ደካማ እጅ ተነሳና ጭምብሉን ገለጥ አደረገ። ፊፋሜ እንዲህ አለች፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሰች፦ «ሁለታችሁም... ውጡ። መተኛት... እፈልጋለሁ።»

ነርሷ ሮጣ ጭምብሉን መለሰችላት። ኮሲባና አጎሱ ግን ተያይተው በደስታ ሊተቃቀፉ ምንም አልቀራቸው። ተናገረች እኮ!

ከባዱ ጊዜ ከዚያም በኋላ ነበር። ትኩሳቱ ወርዶ እንደገና ወጣ፣ የቆሰለው ሳንባ አመረቀዘ፣ መርፌ ጀመሩላት። እኔ በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ አያታለሁ፤ ሰውነቷ አልቆ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። አጎሱ ጠዋት ሠርቶ ቀትር ላይ ይመጣል። አሮጊቷ ታማሚ አልጋ መቀየሩን ትተው «ያ ረጅሙ ልጅ ዛሬ ዘገየ» እያሉ በር በሩን ያዩ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ነርሷ ጭምብሉን አንስታ አልመለሰችውም።

ስትወጣ ሐኪሟ ትእዛዝ ሰጠቻት፦ ቀስ እያልሽ በየቀኑ ተራመጂ፤ በቀጭን ቱቦ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ እፍ እያልሽ አረፋ አውጪ፣ ሳንባሽን ያሠራዋል፤ ጭስና አቧራ ሽሺ፤ ቤንዚን አጠገብ አትድረሺ። «እንደ በፊቱ እሆናለሁ?» ብላ ስትጠይቃት ሐኪሟ አልዋሸቻትም። «ትድኛለሽ። ከቆሰለው ውስጥ ግን ጠባሳ ሆኖ የሚቀር አለ። ስትሮጪ፣ ስትጮሂ ይነግርሻል።»

ጠረጴዛው ተነሳ። በርሜሉን የታች ሰፈር ሰው ወሰደው። አጎሱ ጠዋት ጠዋት መምጣቱን አልተወም፤ አሁን ግን የሚገዛው ቤንዚን ስለሌለ ምክንያት ማግኘት ነበረበት። አንዴ ለኮሲባ ቅጠል አመጣሁ ይላል፣ አንዴ ውሃ ልቅዳ ይላል። ይመጣል፣ ሰላም ይላል፣ ይቀመጣል፤ አይናገርም። ቀልድ ጨርሶ ትቷል። ሞተረኞቹ በሚቆሙበት ዛፍ ሥር ጓደኞቹ «ወንድማችንን መልሱልን፣ ይህ የቀብር አስፈፃሚ ነው» እያሉ ይስቁበታል። ተሳፋሪዎቹ እንኳ ጠየቁ።

ፊፋሜ ጥቂት ቀን ታገሠች። ከዚያ እኔ ባለሁበት ፈነዳች፤ በዚያች በቀረቻት ትንሽ ድምፅ።

«አጎሱ፣ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ኧረ እግዜር አይበለው!»

«ታዲያ ምነው እንደ ለቀስተኛ የምትቀመጠው? ሐኪሟ ጭስና አቧራ ነው የከለከለችኝ። አንተን አልከለከለችኝም።»

«ስትስቂ ያስልሻል።»

«ያስለኛል። ዝም ስልም ያስለኛል።»

ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ ግን ለእግር ጉዞዋ ሲመጣ ትንሽ በርጩማ ይዞ መጣ። እሷ ቀስ እያለች ትራመዳለች፣ እሱ በርጩማውን በብብቱ ይዞ ከጎኗ ይሄዳል። ትንፋሽ ሲያጥራት ምንም ሳትል ከኋላዋ ያስቀምጥላታል፣ ትቀመጣለች፣ ሲሻላት ትነሳለች። መንገዱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያል። ሞተረኞቹማ አፋቸው አላረፈም።

«አጎሱ፣ ሞተርህን ሸጠህ ወንበር ገዛህ?»

«ወንበሩ ስንት ነው የሚያስከፍለው፣ እስከ ገበያ?»

አጎሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እሷ ግን ተቀምጣ ሳለ «እናንተ አትችሉትም፣ የተያዘ ነው» ብላ መለሰችላቸው። እሱ ጆሮውን አላመነም። እኔ ከበሬ ሆኜ ሰምቻታለሁና እሱ ሲቀላ አየሁት ብል፣ ጥቁር ሰው አይቀላም እንዳትሉኝ፤ ቀልቷል።

እንዲህ እያሉ በየቀኑ ትንሽ ራቅ ይሉ ጀመር፣ በመጨረሻ ከሐይቁ ዳር ደረሱ። የዚያን ቀን የሆነውን ራሷ ነው የነገረችኝ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይጥላሉ፣ እሷ በርጩማው ላይ፣ እሱ ሳሩ ላይ። ድንገት እንዲህ አለችው፦

«ፖሊሱ ከዚያ ምን አለ?»

«የቱ ፖሊስ?»

«በጉን ያየው። ‹ዕድሜ ነው ጌታዬ› አልከው። ከዚያስ?»

አጎሱ ራሱን ነቀነቀ። «ያንን ሁለተኛ አልናገርም።»

«ሐኪም ቤት ተኝቼ ሌላ ነገር ያሰብኩ ይመስልሃል? አየር እያጣሁ የማስበው ምን ብሎ ይሆን እያልኩ ነው። ሳልሰማው ብሞት ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።»

«ፊፋሜ፣ እባክሽ።»

«ጎማ አፌ ውስጥ የለም። እይ።» አፏን ከፍታ አሳየችው።

አጎሱ ወደ ውሃው ዞረ። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ንስሐ ተናገረው፦ «ፖሊሱ ኮፍያውን አወለቀና ‹ይማርዎት እማማ› አለ። በጉ ‹በዓዓ› አለ። ፖሊሱ ደግሞ ‹አሜን አሉ፣ ሂዱ› አለን።»

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ እንደሚበረታ ሆነ፣ አጎሱ ተነስቶ ምን እንደሚይዝ ጠፋው፤ ትከሻዋን ልያዝ፣ ሰው ልጥራ። እሷ እጇን ዘርግታ ቆይ አለችው። እንደተነገራት በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ሳበች፣ ከንፈሯን አሹላ ቀስ ብላ አወጣች። አንዴ፣ እንደገና፣ እንደገና። ትንፋሿ ተመለሰ። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«አየህ?» አለችው። «አለሁ።»

አጎሱ ሳሩ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። እሷ ራሱን እየዳበሰች ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ስበው እስኪጨርሱ እዚያው ቆዩ።

ሽማግሌ ሲላክ የአጎሱ አጎት አንድ ነገር አነሱ። «ልጅቷን ሁላችንም እንወዳታለን። ግን የያም ሥር በሙቀጫ መውቀጥ ትችላለች? ውሃ ተሸክማ ዳገት መውጣት ትችላለች? ሴት ቤት ስትገባ ሥራ አለ።» ኮሲባ አፏን ልትከፍት ስትል አጎሱ ቀደማት። «አጎቴ፣ እኔ እወቅጣለሁ። እጄ ረጅም ነው፤ ሙቀጫው ጋ ሳልነሳ ይደርሳል» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ዛሬም የሚወቅጠው እሱ ነው፤ በራቸው ጋ ያለፈ ሁሉ ያየዋል።

የሠርግ ቀሚሷን እኔ ሰፋሁት።

ኮሲባ ደግሞ ሌላ ሥራ ጀመረች። አካሳዋን ሸጣ ስትጨርስ ከአንዱ የቤንዚን ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየሄደች ሻጮቹን ታስቆማለች። «ስሙኝ፣ በአፋችሁ አትሳቡ። በእጅ የምትጨመቅ መሳቢያ ገበያ ላይ አለች፣ ግዙ። ሰው ትን ካለው ደግሞ ዘይት አትስጡት፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።»

«ማን ዶክተር አደረገሽ ኮሲባ?» አለቻት አንዷ ሻጭ፣ ጎማዋን እያወዛወዘች። «እናትሽም ዘይት ነው የሰጠችሽ፣ እናቴም።»

ኮሲባ ለሰው ጥፋቷን ነግራ የማታውቅ ሴት ናት። መንገዱ መሃል ቆማ፣ ሁሉም እየሰማት እንዲህ አለች፦ «ማንም አላደረገኝም። የገዛ ልጄ አፍ ውስጥ በዚህ እጄ አፍስሼ፣ ስትታፈን አይቻታለሁ። ሌላ ምን ልንገራችሁ?»

ሻጯ ጎማዋን ዝቅ አደረገች። ሁሉም ሰማት ማለት አይደለም። ዛሬም በአፉ የሚስብ ሞልቷል፤ መሳቢያዋ ቶሎ ትበላሻለች፣ ደንበኛ ይቸኩላል። ዘይቱ ግን በእኛ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ፊፋሜ አሁን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብርቱካን ትሸጣለች። ልጣጩን በቢላዋ ስስ አድርጋ ሳትቆርጠው ታወርደዋለች፣ ልጆቹ ሊያዩላት ይሰበሰባሉ። አትጣራም። በፊት መንገዱን በሙሉ የምትጠራው ሴት አሁን ዝም ብላ ትልጣለች፣ ብርቱካኑ ራሱ ይጣራላታል፤ ሽታው እስከ እኔ ቤት ይደርሳል። ሴት ልጅ ወልዳለች። እርግዝናው አስቸግሯት ነበር፣ መጨረሻው ላይ ተቀምጣ ነበር የምታድረው፤ ልጅቷ ግን ደህና ናት፣ ጩኸቷም የእናቷ የድሮው ነው።

የሚከብዳት ያ ደረቁ የሰሜን ንፋስ አቧራውን ይዞ የሚመጣበት ወቅት ነው። ያን ሰሞን ብርቱካኑን ትተዋለች። አጎሱ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት አንሶላ በውሃ ነክሮ በመስኮቱና በበሩ ላይ ይሰቅላል፣ ቀትር ላይ መጥቶ እንደገና ይነክራል። ኮሲባ «ቤቱን ልብስ ማጠቢያ አደረገው» ትላለች፣ ግን ባልዲውን የምትሞላው እሷ ናት።

ባለፈው ሰሞን ፊፋሜ ጨርቅ ይዛ መጣችልኝ፤ የዘመድ ሠርግ አላቸው፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሶ ነው የሚሄደው። ከመንገዱ ማዶ እስክትሻገር ሁለቴ ቆመች፣ ከገባች በኋላም ወንበር ላይ ትንሽ አረፈች። ከዚያ ተነስታ እጇን ዘረጋችልኝ። ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ አዞርኩ።

«ተንፍሺ» አልኳት።

የቻለችውን ያህል አየር ሳበች። ሜትሩ ጣቴ መሃል ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

«ይኸው ነው» አለች ፈገግ ብላ። «የቀረው ለቆንጆ ቀሚስ ይበቃል?»

«ይበቃል» አልኳት፤ ደረቱ ላይ ዘና እንዲልላት አስቤ፣ ከለካሁት ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩት።

«እጅጌው ግን አጭር ይሁን» አለች። «አክስቴ ረጅም ትልሻለች፣ እንዳትሰሚያት።»